ችካል፣ እሾህና ባሕር ዛፍ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። አሁን በአንድ የመንገድ ዳር ማስዋብ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ ሆኗል። ፎቶው ላይ በሦስት የባሕር ዛፍ አጣና ተደግፎ የቆመ፣ የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ዛፍ ይታያል። አጣናዎቹ ከግንዱ ጋር የተያያዙት በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ነው። ሽቦው ቅርፊቱን በልቶ ገብቷል፤ ከሽቦው በላይ ያለው ግንድ አብጧል፣ ከታች ያለው ደግሞ ቀጭን ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ቲቸር፣ ይሄን ነገር ማን ነው የጀመረው?»

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የደን ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሰው በአንድ ሙያ ሲያረጅ የሚያየው ነገር ሁሉ ታሪክ ይመስለዋል፤ ይህ ደግሞ በእርግጥም የታሪክ ጥያቄ ነው። ዛፍ ጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ ይቆማል። ታዲያ መንገድ ዳር ስናመጣው ምርኩዝ የምንሰጠው ለምንድን ነው? ምርኩዙስ ማነቆ የሚሆነው መቼ ነው? ለልጁ በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ነበር፤ አልሆነም። ነገሩ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሐረግን በባላ መደገፍ የትም አገር ያለ የገበሬ ብልሃት ነው፤ ወይን ተካዮችም፣ የእኛ ቅል የሚያሳድጉ እናቶችም ያውቁታል። እሱ ጀማሪ የለውም። ዛፍን መደገፍ ግን ትልቅ ጉዳይ የሆነው ሰው ያደገ ዛፍ ከነቁመቱ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ሲያምረው ነው። እንግሊዞች ለመርከብ የሚሆን እንጨት እያለቀባቸው ሲጨነቁ ጆን ኢቭሊን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1664 «ሲልቫ» የሚል የዛፍ አተካከል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የእሱ ጭንቀት የአገር ጭንቀት ነው፤ የነገ መርከብ ከየት ይምጣ የሚል። በዚያው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የነበረው ግን ጭንቀት አይደለም፣ ችኮላ ነው።

ሉዊ 14ኛ ችግኝ እስኪያድግ የሚጠብቅ ንጉሥ አልነበረም። ቬርሳይና ማርሊ የተባሉት ቤተ መንግሥቶቹ ዙሪያ ጥላ የሚጥል ጫካ ወዲያው እንዲቆምለት ፈለገ። ስለዚህ ከኮምፒየኝ ጫካና ከዚያም ከራቁ ቦታዎች ያደጉ ዛፎች እየተነቀሉ በጋሪ ይመጡ ነበር። በቤተ መንግሥቱ የኖረው መስፍን ሳን ሲሞን በማስታወሻው ላይ ስለ ማርሊ ሲጽፍ ከመጡት ዛፎች ከሦስት አራተኛ በላይ ይሞቱ እንደነበር፣ የሞቱትም ወዲያው በሌላ ይተኩ እንደነበር ነግሮናል። ሳን ሲሞን ንጉሡን የሚወድ ሰው አልነበረምና ትንሽ ቅመም ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን የሚታመን ነው፤ ምክንያቱም ዛፍ ሲነቀል ምን እንደሚሆን ዛሬ በደንብ ይታወቃል።

ዛፍ ውሃ የሚጠጣው ግንዱ ሥር ባሉት እንደ ክንድ በወፈሩ ሥሮች አይደለም። እነሱ መልሕቅ ናቸው። የሚጠጣው ጫፍ ላይ ባሉ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሥሮች ነው፤ እነዚያ ደግሞ ከግንዱ ርቀው የተዘረጉ ናቸው። ቆፍረህ ስታነሣው አብዛኞቹ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። በአዲሱ ጉድጓድ የሚቆመው ዛፍ እንግዲህ መልሕቁም አፉም ተቆርጧል። አዲስ ፀጉር ሥር ያበቅላል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ግን ከነአፈሩ ጓል ይነቃነቃል፣ ትናንት የወጣውም ሥር ዛሬ ይበጠሳል። የችካል እውነተኛ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ችካል የሚቆመው ለግንዱ አይደለም፤ ለሥሩ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ደግሞ ትንሽ ወጣ እንበል፤ ይቺን ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። እ.ኤ.አ. በ1741 ኒኮላ አንድሪ የሚባል የፓሪስ ሐኪም፣ ዕድሜው ሰማንያ ካለፈ በኋላ፣ የልጆችን የአካል መጣመም ስለመከላከልና ስለማቃናት አንድ መጽሐፍ አወጣ። ለመጽሐፉ ርእስ ከሁለት የግሪክ ቃላት፣ «ቀጥ ያለ» እና «ልጅ» ከሚሉት፣ አዲስ ቃል ፈጠረ፦ ኦርቶፔዲ። አዎ፣ ያው ዛሬ አጥንት ሲሰበር «ኦርቶፔዲክ ጋ ሂድ» የምንባባልበት ቃል ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ፤ የተጣመመ ለጋ ዛፍ ቀጥ ካለ ችካል ጋር በገመድ ተጠምጥሞ ታስሯል። ሥዕሉ እስከ ዛሬ የዓለም የአጥንት ሐኪሞች ምልክት ነው፤ ብዙ ማኅበራት በአርማቸው ላይ አድርገውታል።

ያ ሥዕል የአንድ ዘመን አስተሳሰብ ነው። ዛፉ ልጅ ነው፣ ችካሉ አሳዳጊ ነው፣ ገመዱ ሥርዓት ነው፤ በለጋነቱ ካላሰርከው ይጣመማል። እኛም «ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንላለን። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ ስቆም ይሄንኑ ስል ነበር (ከናንተ መካከል የሚስቁ እንዳሉ አውቃለሁ)። የዛሬ የዛፍ ባለሙያ ሥዕሉን ቢያይ ግን መጀመሪያ የሚለው «ፍቱት!» ነው። ገመዱ ከታች እስከ ላይ ተጠምጥሟል፤ ዛፉ በየትም በኩል አይወዛወዝም። ይህ ለምን ክፉ እንደሆነ ለማወቅ ሌላ 60 ዓመት ፈጅቷል።

ቶማስ አንድሩ ናይት የእንግሊዝ ገጠር ባላባትና ፖም አዳቃይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1803 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ላይ አንድ የሚገርም ሙከራ አለ። ለጋ የፖም ዛፎችን ወሰደ። አንዳንዶቹን እንዳይነቃነቁ አድርጎ አሰረ፤ ሌሎቹን ለነፋስ ለቀቃቸው። አንዱን ደግሞ በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ብቻ እንዲወዛወዝ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ግን እንዳይሄድ አድርጎ ያዘው። ያ ዛፍ ሲያድግ ግንዱ ክብ መሆኑ ቀረ። በተወዛወዘበት አቅጣጫ ወፈረ፣ ባልተወዛወዘበት ቀጠነ፤ ልዩነቱም 13 ለ11 ነበር። የናይት ሙከራ ቀላል ነበር። በዚህች ሙከራ ግን ዛፍ የሚጠነክረው ነፋስ ሲገፋው እንደሆነ አሳየ። ግንዱ የት መወፈር እንዳለበት የሚነግረው ነፋሱ ነው።

በነገራችን ላይ ስለ ባዮስፌር 2 የሚዞረውን ጽሑፍ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። አሪዞና በረሃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰዎች ገብተው የተዘጉበት የመስታወት ቤት፤ ነፋስ ስለሌለ ዛፎቹ ደካማ ሆኑ የሚባለው። የማነቃቂያ ንግግር አድራጊዎች በጣም ይወዱታል፣ «መከራ ያጠነክራል» ለማለት። እኔ ግን ናይትን እመርጣለሁ። ከመስታወቱ ቤት 188 ዓመት ቀድሟል፣ ለክቶም ጽፏል።

ናይት ጻፈ፣ ማኅበሩ አሳተመ፣ አትክልተኞች ግን ማሰራቸውን ቀጠሉ። ጭራሽ ማሰሩ ጌጥ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኦስማን ፓሪስን አፍርሶ ሲሠራት የዛፉን ሥራ የያዘው አልፋን የተባለ መሐንዲስ ነበር። በመንገዱ ዳር በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች ተተከሉ፤ ትልልቆቹን የሚያጓጉዝ ልዩ ጋሪም ነበራቸው። ግንዱ ሥር አፈሩ በእግር እንዳይደለደል ክብ የብረት ፍርግርግ አነጠፉ። ግንዱን ደግሞ ጋሪና ፈረስ እንዳይላጨው የብረት አጥር አለበሱት፤ ስሙንም «ኮርሴት» አሉት፣ የሴቶቹን ወገብ ማጥበቂያ። ያ ፍርግርግና ያ ኮርሴት የዛሬው የከተማ ማስዋብ ሥራ ቅድመ አያቶች ናቸው። አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ የምታዩት ዛፍ ሥር ያለው የብረት ክብ ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ፍርግርጉን አደንቃለሁ። ኮርሴቱንም ሰፋ ያለ ከሆነ እሺ፤ እሱ ከአደጋ ይከላከላል እንጂ አያስርም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ልዝለልና ካሊፎርኒያ ልድረስ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሪቻርድ ሃሪስና ባልደረቦቹ የችግኝ ጣቢያዎችን ልማድ መመርመር ጀመሩ። ችግኝ ጣቢያ ዛፉን ከረጅም ችካል ጋር አጥብቆ ያስራል፤ ቀጥ ያለና ረጅም ዛፍ ስለሚሸጥለት ነው። የታሰረው ዛፍ በእርግጥም ይረዝማል። ግን ግንዱ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ይሆናል፣ ሥሩም ያንሳል። ችካሉን ስታወጣበት ይጎብጣል፣ ወይም በመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ይሰበራል። በ1971 ያወጡት ሌላ ሙከራ ደግሞ አለ፤ ሊኩዳምባር የሚባል ዛፍ ለጋውን በቀን 30 ሰኮንድ ብቻ ነቀነቁት። የተነቀነቀው ካልተነቀነቀው አንጻር ያደገው ቁመት ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነበር። በቀን ግማሽ ደቂቃ! ዛፉ መንቀጥቀጡን ይሰማዋል፤ ሲሰማውም ወደ ላይ መሄዱን ይተውና መቆሚያውን ማጠንከር ይይዛል። በ1973 ጃፌ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለዚህ ቲግሞሞርፎጀነሲስ የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ከዛፉ ይረዝማል፤ ትርጉሙ ግን በመነካት የሚመጣ የቅርጽ ለውጥ ማለት ነው።

ሃሪስ ሌላም ጥሩ ነገር አድርጓል፤ ድጋፍ የምንለውን በሦስት ከፍሎ አየው። አንዱ ሥሩ እስኪይዝ ጓሉን የሚያቆም ነው። ሁለተኛው ራሱን መሸከም ያቃተውን ግንድ የሚደግፍ ነው። ሦስተኛው ዛፉን ጨርሶ የማይነካ፣ ከመኪናና ከሰው የሚከልል ነው። ሦስቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ሦስቱን በአንድ ችካልና በአንድ ሽቦ ለመሥራት ስንሞክር ነው።

እስቲ አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእንጦጦ ላይ ያለው ጽድ ለቤትም ለማገዶም እየተቆረጠ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የማገዶ ችግር ስለበረታ አጤ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታም ተጀምሮ ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራሊያ ዘሩ እንደገባ ይነገራል፤ ከመግባቱ ጋርም በብዛት ስሙ የሚነሣው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳሌ ነው። ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ ተደርጎ እንደነበርም ይነገራል። ታሪኩን ሁላችሁም ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ።

ያላስተማርናችሁ ግን ይሄ ነው፤ ባሕር ዛፍ ያን ያህል የተሳካው ለምንድን ነው? ቶሎ ስለሚያድግ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ እንላለን። ልክ ነው። ግን ከዚያ በፊት አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ፍየል አይበላውም። ከብትም አይበላውም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ያስመርራቸዋል። በዚህ አገር፣ ከአዝመራ በኋላ ከብት በየሜዳው በሚለቀቅበት አገር፣ አጥር የማይፈልግ ዛፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጽዱና ወይራው በለጋነታቸው ሲነጩና ሲረገጡ ባሕር ዛፉ ዝም ብሎ ያድጋል። እኔ እንደሚመስለኝ የአዲስ አበባን ቅርጽ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ የፍየል ምላስ ነው። ጠባቂ የማይፈልገው ዛፍ አሸነፈ። ዛሬ ደግሞ ለአገር በቀሉ ዛፍ ሁሉ ችካል ሆኖ የሚቆመው እሱ ነው፤ ተማሪዬ የላከልኝን ፎቶ ዞር ብላችሁ አስቡት።

ስለዚህ ፈረንጁ የነፋስ ችግር ይዞ የጻፈውን መጽሐፍ እኛ እንዳለ ስንገለብጥ ዋናው ጠላታችን ሌላ መሆኑን እንረሳለን። የእኛ ችግኝ ጠላቶች አፍና ጥም ናቸው። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ችካል ላይ ብዙም አልደከሙም፤ አጥር ላይ ነው የደከሙት። ልጅ ሳለሁ እናቴ ጌሾ ስትተክል መጀመሪያ የምታዘጋጀው ጉድጓዱን አልነበረም፣ እሾሁን ነበር። የግራር ቅርንጫፍ ዙሪያውን ትከምርበታለች፤ እሾሁ ሳስቶ ከታየ እበት በጥብጣ ቅጠሉ ላይ ትረጭበታለች፣ ፍየል እንዲጠየፈው። ሳይንሱን አላወቀችም። ፍየሏን ግን ታውቃት ነበር።

ሌላው አጥር የማይታየው አጥር ነው፤ ክብር። የመናገሻ ሱባ ጫካ አጤ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት እንደሆነ ይነገራል። የንጉሥ ስለሆነ ተጠበቀ። የአድባር ዋርካና ኦዳ ሽቦ አያስፈልጋቸውም፣ ማንም ምሳር አያነሣባቸውም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ዛፍም እንዲሁ። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ክብር የሚጠብቀው ያደገውን ዛፍ ነው። ለጋውን በግ ገብቶ ሲግጠው ማንም «ኧረ ነውር ነው» አይልም። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» የምታውቋቸው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናቸው፤ ደቡብ ጎንደር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲያጠኑ ያገኙት ይህንኑ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ዘርም ይጥላሉ፤ ተተኪው ግን ከብት በገባበት ሁሉ የለም። ከብት እንዳይገባ በታጠረው ቦታ እንደ ጽድና ወይራ ያሉት ችግኞች የተሻለ በቀሉ፣ የተሻለም ቆዩ። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ገንዘብ በማሰባሰብ አገዙና ምእመናኑ ከየማሳው ድንጋይ እየለቀሙ በደኖቹ ዙሪያ ካብ መካብ ጀመሩ። ድንጋዩ ከማሳው መነሣቱ ለገበሬውም ጥቅም ነው። ካቡ ደግሞ ለችግኙ ኮርሴት ነው፤ ከፓሪሱ የሚለየው ብረት አለመሆኑና ሺህ ዛፍ በአንድ ጊዜ መታቀፉ ነው።

በደርግ ጊዜ የሆነውን በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ችግኝ ተራራው ላይ ተተከለ፤ ወሎ፣ ትግራይ፣ ሸዋ፣ ሐረርጌ። ስንዴው ሲሰፈር የሚቆጠረው የተቆፈረው ጉድጓድና የተተከለው ችግኝ ነበር። ከዓመት በኋላ ስንቱ ቆሟል ብሎ ስንዴ የሰፈረ ግን ብዙም አልነበረም። የጸደቀውም ቢሆን ባለቤቱ «መንግሥት» ነው ተብሎ ስለታሰበ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ በብዙ ቦታ ደኑም አብሮ ወደቀ። በአንጻሩ በዚያው ዘመን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተደርገው የተከለሉ ኮረብታዎች ነበሩ፤ ማንም ምንም ሳይተክልባቸው ቁጥቋጦው ራሱ ተመለሰ። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር ተራራ የዳነው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ከአሮጌ ጉቶ የሚወጣውን ቀንበጥ መርጦ፣ ገርዞ፣ ከብት እንዳይደርስበት ጠብቆ። ሥሩ መሬት ውስጥ ሕያው ነበር። የጠየቀው ዘበኛ ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ዓለም ሁሉ ያወራው ስለ ቁጥሩ ነው። እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፤ ብዙዎቻችሁም። ቁጥሩን ልከራከር አይደለም የመጣሁት። ግን በእያንዳንዱ ሐምሌ ከምንሰማው «ስንት ተከልን» አጠገብ በግንቦት «ስንቱ ጸደቀ» የሚል ዜና እኩል ድምፅ ቢኖረው ደስ ይለኛል። ዝናብ የሚያበቃው መስከረም ነው። ችግኝ የሚሞተው ከኅዳር በኋላ፣ ካሜራ በሌለበት ነው።

አሁን ደግሞ ከተሞቻችን ሌላ ነገር ጀምረዋል። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ አዲስ አበባም ሆነ ሌሎች ከተሞች የሚተክሉት በፕላስቲክ ያለች ስንዝር ችግኝ ብቻ አይደለም፤ ያደገ ዛፍና ዘንባባ በክሬን እየመጣ ይቆማል። ማርሊ መጣ ማለት ነው። ይህ መጥፎ ነው አልልም፤ እግረኛ ጥላ ያስፈልገዋል፣ እኔም በዚህ ጉልበቴ ጥላ ፈልጌ ነው የምራመደው። ግን የማርሊን ዛፍ ስንወስድ የማርሊንም ዕዳ ወስደናል። እንዲህ ያለው ዛፍ በእርግጥ ድጋፍ ይፈልጋል። ጥያቄው እንዴትና እስከ መቼ ነው።

ለተማሪዬ የመለስኩለት እንዲህ ነው፤ የሙያው ሰዎች ካላችሁ አርሙኝ። መጀመሪያ ዛፉን በእጅህ ያዝና ሳትደግፈው የሚቆም ከሆነ አትደግፈው። ሁሉም ዛፍ ችካል ይፈልጋል የሚል ሕግ የለም። የሚፈልግ ከሆነ ችካሉን ከሥሩ ጓል ውጪ፣ ባልተቆፈረው ጠንካራ መሬት ላይ ትከለው፤ ጓሉን ወግቶ የሚገባ ችካል ሥሩን ይቆርጣል። ማሰሪያው ዝቅ ይበል፣ ከቁመቱ ሲሶ አካባቢ፣ ጫፉ እንደ ልቡ እንዲወዛወዝ። አስቀድሜ ያዙልኝ ያልኩት ይሄ ነው፤ የምናቆመው ሥሩን ነው፣ ግንዱን ለነፋስ እንተውለት። ማሰሪያው ሰፊና ለስላሳ ይሁን። አሮጌ ከመነዳሪ ተቀዶ፣ ወይም ሰፋ ያለ ጨርቅ፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በግንዱና በችካሉ መሀል ተጠላልፎ፣ እንዳይፋተጉ። ሽቦ በፍጹም። ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አልፎም ቢሆን አልወደውም፤ ቱቦው ይሰነጠቃል።

ሽቦው ምን እንደሚያደርግ ፎቶው ራሱ ይናገራል። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ስር ባለው ልጥ ነው። ግንዱ ይወፍራል፣ ሽቦው አይሰፋም። ልጡ ሲታነቅ ምግቡ ከሽቦው በላይ ይከማቻል፣ ለዚህ ነው ያበጠው። ሥሩ ከታች ይራባል። ከላይ ስታየው ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ነው፤ ውሃ በመሀሉ እንጨት በኩል ይወጣለታላ! ሁሉም ደኅና ነው ብለህ ታልፋለህ። ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ነፋስ ሲመጣ እዚያችው ሽቦዋ ጋ ቅንጥስ ይላል።

ዘንባባ ደግሞ የተለየ ፍጥረት ነው፤ አጣናውን በሚስማር ግንዱ ላይ መምታት ለእሱ ዘለዓለማዊ ቁስል ነው። ሌላው ዛፍ ቁስሉን በአዲስ እንጨት ይሸፍናል፣ ዘንባባ ግን እንዲህ ያለ የሚያድስ ሽፋን የለውም፤ ቀዳዳው ቀዳዳ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ግንዱ በጆንያ ይጠቀለላል፣ በጆንያው ላይ አጫጭር ጣውላዎች በቀበቶ ይታሰራሉ፣ አጣናው የሚመታው ጣውላው ላይ ነው። እንዲሁም የችግኙ ጥቁር ፕላስቲክ ሳይወልቅ መትከል ቀልድ አይደለም፣ በየዓመቱ አያለሁ፤ ሥሩ በውስጡ እየዞረ ራሱን ያንቃል። አፈሩንም ግንዱ ላይ አትከምሩ፤ ጉዝጓዙ ከግንዱ አንድ መዳፍ ይራቅ።

እስከ መቼ? አንድ ክረምትና አንድ በጋ ለብዙዎቹ ይበቃል፤ ለትልልቆቹ ሁለት። በውላችሁ ላይ ችካል መትከያ ዋጋ እንዳለ ሁሉ ችካል ማንሻ ቀንና ዋጋ ይግባበት፤ ውሃ ማጠጫውም እንደዚያው። እስካሁን ተማሪዎቼ ካሳዩኝ የሥራ ዝርዝሮች ውስጥ «መትከልና መደገፍ» የሚል እንጂ «መፍታት» የሚል መስመር ያየሁት አንድም የለም። ያልተከፈለበት ሥራ ደግሞ ማንም አይሠራውም፤ ይህ የኮንትራክተሩ ክፋት አይደለም።

በእኛ ሰፈር መንገድ አካፋይ ላይ ውሃ የሚያጠጡ ሴቶች አሉ። አንዷን ባለፈው ቅዳሜ ጠጋ ብዬ ስለ ሽቦው ጠየቅኋት። «አባባ፣ እኛ እናውቃለን እኮ፣ ማሰሪያውን ግን አትንኩ ተብለናል» አለችኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና ከሽርጧ ኪስ ፒንሳ አወጣች። አንድ ትንሽ ላስቲክ ውስጥ የቆራረጠቻቸውን ሽቦዎች አሳየችኝ፣ አሥራ ሰባት ናቸው። ቀሪዎቹን እስከ ፋሲካ እጨርሳለሁ ብላለች።